«ነቅሎ ይጥላል» ማለት ምን ማለት ነው?

ነርሷ፦ ትናንት አንድ ሰው «ዝንጅብል በማር ጉንፋንን በአንድ ሌሊት ነቅሎ ይጥላል» ብሎ ጻፈ። ከሥሩ ሁሉም «እውነት ነው» ይላል። በጣም ተናድጃለሁ። ጉንፋን የሚያመጡት ቫይረሶች ከ200 በላይ ናቸው። ሻዩ የትኛውን ነው የሚነቅለው?

የማታ ሻይ፦ የጻፍኩት እኔ ነኝ። ማታ ጠጣሁ፣ ጠዋት ጉሮሮዬ ለቀቀኝ። ዋሸሁ?

ነርሷ፦ አልዋሸህም። ግን ስንተኛ ቀንህ ነበር?

የማታ ሻይ፦ ስድስተኛ።

ነርሷ፦ አየህ! ጉንፋን አብዛኛውን ጊዜ ከ7 እስከ 10 ቀን ውስጥ በራሱ ይሄዳል። ሻዩ አስታገሰህ እንጂ አልነቀለውም።

ወለላ፦ ቆይ እስቲ፣ «አስታገሰህ እንጂ» ብለሽ ማስታገስን አታሳንሽው። እ.ኤ.አ. በ2008 ካርዲፍ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ 30 ጉንፋን የያዛቸው ሰዎች ላይ ተሞክሯል። ትኩስ የፍራፍሬ መጠጥ የጉሮሮ ሕመሙን፣ ብርድ ብርድ ማለቱንና ድካሙን አቀለለላቸው። ያው መጠጥ ሳይሞቅ ሲሰጥ ግን እነዚህን አላቀለለም። ሌሊቱን በጉሮሮ ሕመም ላደረ ሰው ይሄ ትልቅ ነገር ነው።

ነርሷ፦ «አቀለለ» አልሽ። እኔም ያልኩት ይህንኑ ነው።

የማታ ሻይ፦ ቃል አትሰንጥቁብኝ። ሰው ሲሻለው እንዲህ ነው የሚናገረው።

ነርሷ፦ ቃሉ ሰው ይጎዳል። «ይነቅለዋል» ብሎ ሻይ እያፈላ ቆይቶ፣ ትንፋሽ ካጠረው በኋላ የሚመጣ በሽተኛ አይቻለሁ።

የልጆች እናት፦ ማሩን አብራችሁ ነው የምታፈሉት? እኔ ወርዶ ለብ ሲል ነው የምጨምረው። ለ8 ወሩ ልጄም ጠብ አደርግለታለሁ።

ነርሷ፦ እባክሽ አቁሚ! ዓመት ላልሞላው ሕፃን ማር አይሰጥም። ቦቱሊዝም የሚባል ከባድ በሽታ ሊያመጣበት ይችላል። ማፍላትም አያድነውም።

የልጆች እናት፦ ስንት ጊዜ ሰጥቼዋለሁ! እስካሁን ማንም አልነገረኝም።

ወለላ፦ አሁን ደህና ነው? ሆድ ድርቀት ወይም መዛል ካየሽበት ዛሬውኑ ሐኪም ይየው።

የልጆች እናት፦ ደህና ነው፣ ይጠባል። ከዛሬ ጀምሮ አቁሜያለሁ።

የማታ ሻይ፦ ስለ ሕፃኑ ነርሷ ልክ ናት። እኔ ግን ትልቅ ሰው ነኝ። ዛሬ ማታም አፈላለሁ።

ነርሷ፦ አፍላ። «ነቅሎ ይጥላል» የሚለውን ግን አጥፋው።

የማታ ሻይ፦ አላጠፋም።