ፕሪሚየም፣ ስፔሻልቲ፣ ኤክስትራ ስትሮንግ፦ ከጅማ ስትገዙ የትኛውን እንመን?

«ለዘመድ ከጅማ ምን ይዤ ልሂድ? የትኛው ቡና ይሻላል?» የሚል ጥያቄ ሰሞኑን በዝቶብኛል። መደርደሪያውን ያየ ሰው ግራ ቢገባው አይፈረድበትም። ሁሉም ፓኬት ላይ እንግሊዝኛ ተደርድሯል፤ ፕሪሚየም፣ ፋይን፣ ስፔሻልቲ፣ ኤክስትራ ስትሮንግ፣ ፒዩር፣ ኦሪጅናል። አንዱ ከሌላው በምን እንደሚለይ ሻጩን ብትጠይቁት «ሁሉም አሪፍ ነው» ይላችኋል። የኔ ጥቆማ አጭር ነው። ከጀርባው መለኪያ ያለውን ቃል ያዙ፣ የሌለውን እለፉት።

ጅማ ነንና ከቡና ልጀምር።

ስፔሻልቲ የሚለው ቃል መለኪያ አለው። የሰለጠኑ ቀማሾች ቡናውን ፈጭተው ሙቅ ውሃ ያፈሱበትና በማንኪያ እየማጉ ይቀምሱታል። መዓዛውን፣ ጣዕሙን፣ ጣፋጭነቱን፣ አሲዱን፣ አፍ ላይ ያለውን ክብደት፣ ከተዋጠ በኋላ የሚቀረውን ለየብቻ እየመዘኑ ከ100 ነጥብ ይሰጡታል። 80 የደረሰ ስፔሻልቲ ይባላል። እ.ኤ.አ. በ2004 ወጥቶ ለዓመታት በሰፊው ባገለገለው የቅምሻ ቅጽ ከ80 እስከ 84.99 ያለው ቬሪ ጉድ፣ ከ85 እስከ 89.99 ያለው ኤክሰለንት፣ 90 እና ከዚያ በላይ ደግሞ አውትስታንዲንግ ነው። እዚህ ጋ ኤክሰለንት ማለት ሙገሳ አይደለም፤ ነጥብ ነው።

ስለዚህ ስፔሻልቲ የሚል ፓኬት ካያችሁ «ነጥቡ ስንት ነው?» ብላችሁ ጠይቁ። ሥራውን የሚያውቅ ቤት ይነግራችኋል። ቡናው ከየት ወረዳ እንደመጣ፣ የታጠበ (እሸቱ ተፈልፍሎ በውሃ የታጠበ) ይሁን ደረቅ (ከነቅርፊቱ የደረቀ)፣ መቼ እንደተቆላም ይጨምርላችኋል። ዝም ካለ ወይም ስለ ማሸጊያው ማውራት ከጀመረ ወደሚቀጥለው ሱቅ ሂዱ። ፕሪሚየም የሚለውን ግን ችርቻሮ ላይ ማንም ያሻው ይለጥፈዋል። ለሱ ብላችሁ አንድ ብር እንዳትጨምሩ።

ኤክስትራ ስትሮንግ ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል። ከአካባቢያችን የሚወጣው ቡና አረቢካ ነው። ካፌኑ እጥፍ ገደማ የሚሆነው ሮቡስታ ሌላ ዝርያ ነው። ከጅማ በወጣ ፓኬት ላይ «ስትሮንግ» ተብሎ ከተጻፈ አብዛኛውን ጊዜ ቡናው ጠቆር እስኪል ተቆልቷል ማለት ነው። ይመርራል እንጂ ካፌን አይጨምርም። ጀበናችሁ እንዲበረታ ከፈለጋችሁ ቡና ጨምሩ፣ ውሃ ቀንሱ፤ በቃ። አጥብቆ መቁላት የሚጠቅመው ሻጩን ሊሆን ይችላል፤ የደካማ ፍሬ ጉድለት ከምሬቱ ስር ይደበቃልና።

አንድ ነገር ሳልል አላልፍም። የጅማ ቡና በውጭ ገበያ ለረጅም ጊዜ የሚታወቀው «ጅማ 5» በሚል ስም ነበር። ደረጃ አምስት፣ ደረቅ፣ ርካሽ። ያ ስም አሁንም አንዳንድ ሰው አፍ ላይ አለ፤ እኔን ያናድደኛል። አጋሮ አካባቢ ያሉ ገበሬዎች በማኅበር ተደራጅተው ቀይ እሸት ብቻ እየለቀሙ፣ እያጠቡ፣ ማድረቂያ አልጋ ላይ እያሰጡ መሸጥ ሲጀምሩ ነገሩ ተለወጠ። የጎማ ወረዳው ዱሮሚና ማኅበር ቡና እ.ኤ.አ. በ2012 በአፍሪካ ደረጃ በተደረገ የቅምሻ ውድድር አንደኛ ወጥቷል። መሬቱ ያው ነው። የተለወጠው አለቃቀሙና አያያዙ ነው።

እንግዲህ ምርጫዬ። ለእንግዳ ወይም ለዘመድ የምትወስዱ ከሆነ ጎማ፣ ጌራ ወይም ሊሙ ኮሳ ብሎ ወረዳውን የጻፈና የተቆላበት ቀን ያለበትን ፓኬት ግዙ። ለቤት ከሆነ ጥሬውን ከገበያ ገዝታችሁ ራሳችሁ ቁሉት፤ ዋጋውም ይሻላል፣ ትኩስነቱም። ስትገዙ አንድ እፍኝ ወስዳችሁ ነጭ ወረቀት ላይ በትኑት። ጥቁር ፍሬ፣ ነቀዝ የበሳው፣ የተሰበረ፣ ባዶ ቅርፊት ቁጠሩ። ከዚያ በሁለት እጃችሁ ያዙትና አሽትቱት። ሻጋታ ወይም የጆንያ ሽታ ካለው ተዉት። ወረዳም ቀንም የሌለው፣ ወርቃማ ፊደል ብቻ የደመቀበት ፓኬት የመጨረሻ ምርጫችሁ ይሁን።

ማር ላይ ፒዩር እና ናቹራል የሚሉት አያልቁም። እነሱን ትታችሁ ሁለት ነገር ጠይቁ፤ አበባው ምንድን ነው? መቼ ተቆረጠ? ከገተማ አበባ የሚመጣው ነጭ ማር ነው። የግራዋው ጠቆር ብሎ መረር ይላል። ሁለቱም ጥሩ ናቸው፤ የምላስ ጉዳይ ነው። እኔ ነጩን እመርጣለሁ። ማር ሲቆይ ቢረጋ ስኳር ተቀላቅሎበታል ማለት አይደለም፤ ንጹህ ማርም ይረጋል። በክብሪት መለኮስና ውሃ ውስጥ ማንጠባጠብም አስተማማኝ ፈተና አይደለም። ዓለም አቀፉ የማር መስፈርት ባብዛኛው እርጥበቱ ከ20 በመቶ እንዳይበልጥ ይላል። ከዚያ ካለፈ ማሩ ሊብላላ ይችላል። ክዳኑን ስትከፍቱ አረፋ ካያችሁ ወይም ኮምጠጥ ያለ ሽታ ከመጣ አትግዙ።

የጅማ በርጩማ የሚሸጡ ልጆች «ሶሊድ ነው» ይላሉ። ይሄኛውን ቃል ማረጋገጥ ቀላል ነው። ደንበኛው የጅማ በርጩማ ሦስቱም እግሩ ከመቀመጫው ጋር ከአንድ ግንድ የተፈለፈለ ነው። ዋንዛ ከሆነ ደግሞ ቀለል ይላል፣ ምስጥም ቶሎ አይደፍረውም። ገልብጡትና እግሩ መቀመጫውን የሚነካበትን ቦታ በጣታችሁ ዳሱ። የሙጫ መስመር ወይም ምስማር ካለ ተገጣጥሟል። የእንጨቱ መስመር ሳይቋረጥ ወደ እግሩ ከወረደ ክፈሉ። እርጥብ እንጨት እንዳይሆን ብቻ ተጠንቀቁ፤ ቤት ገብቶ ይሰነጠቃል።

ቤት እየሠራችሁ ላላችሁም ባጭሩ። ሲሚንቶ ላይ ሱፐር፣ ፓወር ተብሎ ቢጻፍ ዓይናችሁን ወደ ቁጥሩ አውርዱ። 32.5 ወይም 42.5 የሚለው በ28 ቀን ውስጥ በትንሹ የሚደርስበት ጥንካሬ ነው፤ የሚለካውም በሜጋፓስካል ነው። ለኮለንና ለሶሌታ መሐንዲሳችሁ የጻፈውን ቁጥር ይዛችሁ ሂዱ እንጂ በሻጩ ምክር አትለውጡ። ቆርቆሮ ላይ ደግሞ ነገሩ ይገለበጣል። ጌጁ፣ ማለትም የውፍረቱ መለኪያ ቁጥር፣ ባነሰ መጠን ቆርቆሮው ይወፍራል፤ 28 ከ32 ይወፍራል። «ሄቪ ነው» ያላችሁን ሻጭ ጌጁን ደረሰኙ ላይ አስጽፉት።