በሙዚየም ካየናቸው የድሮ ፎቶግራፎች ፊት ቆመን ምን እንበል?

ጥያቄ፦ መምህርት፣ ጅማ

ሰላም ለሁላችሁ። በጅማ ከተማ የዘጠነኛ ክፍል የታሪክ መምህርት ነኝ። ባለፈው ሳምንት ተማሪዎቼን ይዤ ወደ ሙዚየም ሄጄ ነበር፤ ከጦሩና ከጋሻው ይልቅ ረጅም ጊዜ የቆሙት ግድግዳው ላይ ከተሰቀሉት የሰዎች ፎቶግራፎች ፊት ነው። በተለይ አንዱ ፎቶ ሁሉንም አቆማቸው። አንድ ሽማግሌ በርጩማ ላይ ተቀምጠው ሁለት እጃቸውን ጉልበታቸው ላይ አሳርፈዋል፤ ከጎናቸው ደግሞ አንድ ልጅ ቆሟል። የልጁ ፊት ጥርት ብሎ ሲታይ ቀኝ እጁ ግን እንደ ጭስ ተበትኗል። የተሰማቸውን ጽፈው እንዲያመጡ ባዘዝኳቸው ጊዜ አብዛኞቹ «ሽማግሌው ቁጡ ናቸው» ወይም «ከባድ ሐዘን አለባቸው» ብለው ጻፉ። አንዲት ልጅ ብቻ «ልጁ ማን እንደሆነ ለምን አልተጻፈም?» ስትል ጠየቀች። ከፊት ገጽታ ብቻ ተነስቶ የሰውን ጠባይ መናገር ተገቢ ነውን? ተማሪዎቼንስ እንዴት ልምራቸው?

ምላሽ 1፦ የፎቶ ቤት ባለሙያ

እህቴ፣ ከሃያ ዓመት በላይ ፎቶ ቤት ውስጥ ሠርቻለሁና ስለ ሥራው የማውቀውን ልንገርዎት። የልጁ እጅ የተበተነው ስለተንቀሳቀሰ ነው፤ ይህም የካሜራው መዝጊያ ክፍት ሆኖ የቆየው ለቅጽበት ብቻ እንዳልነበረ ያሳያል። እ.ኤ.አ. በ1851 ይፋ በሆነው፣ በፊልም ፈንታ ብርሃን የሚቀበል ኬሚካል በተቀባ እርጥብ መስታወት ላይ በሚነሳው ዘዴ ተነሺው ለብዙ ሰከንዶች ሳይነቃነቅ መቆየት ነበረበት፤ በ1880ዎቹ የተስፋፋው ደረቅ መስታወት ጊዜውን እጅግ ቢያሳጥረውም፣ ጥላ ውስጥ ሲነሳ ግን ትንፋሽ ይዞ መቆየት አልቀረም። ፈገግታን ያን ያህል ጊዜ ሳያዛንፉ መያዝ አይቻልም፤ ኮስተር ያለ ፊት ግን ይጸናል። ስለዚህ ተማሪዎቹ ቁጣ ያሉት ነገር ጸጥ ብሎ መቀመጥ ብቻ ሊሆን ይችላል።

ከዚህ የሚበልጥ ሌላ ነገር አለ። የዚያ ዘመን መስታወት ሰማያዊውን ብርሃን በደንብ ሲቀበል ቀዩን ፈጽሞ አይቀበለውም ነበር፤ በዚህ ምክንያት ቀይና ቡናማ ቀለም ያለው ነገር ሁሉ በሕትመቱ ላይ ከእውነቱ ይልቅ ይጠቁራል። ሁሉንም ቀለም የሚቀበል መስታወት ለገበያ የቀረበው እ.ኤ.አ. በ1906 ገደማ ሲሆን፣ ከዚያ በኋላም ለብዙ ዓመታት በአሮጌው ዓይነት ሲሠራ ኖሯል። የእኛ ሰው ፊት በእነዚያ ፎቶዎች ላይ ጠቁሮ፣ ዓይኑ ጎድጉዶ፣ የጉንጩ ለስላሳነት ጠፍቶ ሲታይ አንድም ሐዘን፣ አንድም ጭካኔ ነው ብለን እንፈርዳለን። ያ ጥቁረት ግን የመስታወቱ ጉድለት ነው፤ በሽማግሌው ላይ መጫን አይገባም። እኔም በጀመርኩበት ጊዜ ለጉርድ ፎቶ የሚመጣው ሰው ፎቶ ቤቱ ያስቀመጠውን ኮትና ክራቫት ተውሶ ይለብስ ነበርና፣ ልብሱንም ቢሆን የራሱ ነው ብሎ መደምደም አይቻልም።

ምላሽ 2፦ ጅማ አጠገብ፣ ጅሬን ያደግሁ

መምህርት፣ እኔን የነካኝ ያቺ ልጅ የጠየቀችው ጥያቄ ነው። እ.ኤ.አ. ከ1878 እስከ 1932 የገዙትን የጅማውን ንጉሥ የአባ ጅፋርን ፎቶ ያየ ሰው ሁሉ ስለ ቁመታቸው ይናገራል፤ ከሁለት ሜትር በላይ እንደነበሩም ይነገራል። ይሁንና የንጉሡ ቁመት በፎቶ ላይ የሚታወቀው በጎናቸው በቆሙት፣ ስማቸው ባልተጻፈላቸው ሰዎች ነው። እነዚያን ሰዎች ብንቆርጣቸው ስለ ንጉሡ ራሱ የምናውቀው ይጎድላል። ፎቶውን እንዲህ ማየት ከጀመርኩ ወዲህ ዓይኔ ቀድሞ የሚሄደው ወደ ዳር ነው።

በርጩማውንም አጥብቀው ያሳዩዋቸው። የጅማ ባለሙያ በርጩማ የሚሠራው ከአንድ ግንድ ፈልፍሎ ነው፤ መቀመጫውና እግሩ በሚስማር አልተያያዙም። ተማሪዎቹ ቤታቸው ካለው ጋር ያስተያዩት። ስምን በተመለከተ ደግሞ በአካባቢያችን «አባ» ተብሎ የሚጠራው ስም ብዙውን ጊዜ የፈረስ ስም ነው፤ ስለዚህ ሽማግሌዎችን ስትጠይቁ በፈረሱ ስም ብቻ ሳትወሰኑ የልጅነት ስሙንም ጠይቁ፤ አለዚያ አንዱን ሰው ሁለት አድርጋችሁ ልትጽፉ ትችላላችሁ።

ምላሽ 3፦ አንባቢ

በባለሙያው ማብራሪያ እስማማለሁ፤ ነገር ግን ተማሪው የተሰማውን «ስህተት ነው» ብሎ ማስቆም አልወድም። መጀመሪያ የተሰማውን ይጻፍ፤ ቀጥሎም ያንን ስሜት ያመጣበት ዓይኑ ይሁን፣ እጁ ይሁን፣ ጥላው ይሁን ጣቱን አስቀምጦ ያሳይ። ማሳየት ያቃተው ነገር ካለ ከራሱ የመጣ መሆኑን ያን ጊዜ ይደርስበታል።

የጠያቂዋ መልስ

ሁላችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። ጽሑፎቹን ሳላርም እመልስላቸዋለሁ፤ ከየዓረፍተ ነገሩ ሥር «ይህን ከፎቶው የት አየኸው?» የሚል ጥያቄ ብቻ አኖራለሁ። ስለ ልጁ የጠየቀችው ተማሪዬ አያቷ ጅሬን እንደሚኖሩ ነግራኛለች። ሙዚየሙ ከፈቀደልን የፎቶውን ቅጂ ይዘን ቅዳሜ ወደ እርሳቸው እንሄዳለን፤ መጀመሪያ የምንጠይቃቸውም ስለ ልጁ ነው።