ፊት 215 ኋላ 225 ጎማ ራቭ ፎር ላይ ችግር አለው?

የዘንባባ ጥላ፦
ሰላም ጓዶች እንዴት ናችሁ። የ2003 ሞዴል ራቭ ፎር ነው የምይዘው፣ አራቱም ጎማ የሚነዳው። ሳይዙ 215/70 አር 16 ነው። የኋላ ሁለቱ ጥርሳቸው አልቆ ተላጭተዋል፣ ክረምቱ ደሞ እየመጣ ስለሆነ መቀየር ግድ ሆነ። ባህር ዳርን ዞሬ ዞሬ 215 ጥንድ አጣሁ፣ አንድ ጎሚስታ ግን 225/70 አር 16 ትንሽ የሰራ ሁለት አለኝ፣ ቸርኬው ላይ ልክ ይገባል፣ ከኋላ ስለሆነ ምንም አይልህም እንደውም መኪናዋ ቀና ትልልሃለች አለኝ። ዋጋውም ደስ ይላል፣ እውነቱን ለመናገር ያማለለኝ እሱ ነው። አብዛኛውን ጊዜ ከተማ ውስጥ ነኝ ግን ጎንደር እመላለሳለሁ፣ አንዳንዴም ዘጌ። 10 ቁጥር መለያየቱ ምን ያመጣል? የምታውቁ ንገሩኝ፣ ሰውየው ቶሎ ወስን እያለኝ ነው።

ቪትዝ ናት ያደገችኝ፦
አቦ ግዛው ምን ያስጨንቅሃል። እኔ ቪትዝ ላይ ፊት 175/65 አር 14 ኋላ 165/70 አር 14 ነው ያደረግኩት፣ ስንት ጊዜ አባይ በረሃን ወርጄ ወጥቼባታለሁ፣ ምንም የለም።

ክሪክ እና ዳዶ፦
ቪትዝና ራቭ ፎርን አታወዳድሩ በናታችሁ። ቪትዟ የምትነዳው በፊት እግሯ ነው፣ የኋላዎቹ ዝም ብለው ይከተላሉ። ደሞ ሂሳቡን ብትሰሩት እነዛ ሁለት ሳይዞች ከመሬት እስከ አናት ቁመታቸው የሚለያየው በ3 ሚሊ ተኩል ነው፣ ስለዚህ ምንም ባይሰማው አይገርምም። የመጀመሪያው ቁጥር ወርዱ ነው፣ ሁለተኛው የጎኑ ከፍታ ከወርዱ መቶኛ ስንት እንደሆነ ነው የሚነግርህ፣ ከአር ቀጥሎ ያለው የቸርኬው ቁመት በኢንች ነው። 70ው ሳይነካ ወርዱ ሲጨምር ጎማው አብሮ ይረዝማል ማለት ነው።

ያንተን እንስራው። 215ቱ ቁመቱ 707 ሚሊ ገደማ ነው፣ 225ቱ 721። 14 ሚሊ ትንሽ ይመስላል ግን በአንድ ኪሎሜትር ፊትህ 450 ጊዜ ሲዞር ኋላህ 441 ነው የሚዞረው፣ ጎንደር ወደ 180 ኪሎሜትር ነው፣ እዛ እስክትደርስ ፊቶቹ ከኋላዎቹ ከ1500 ዙር በላይ በልጠው ይገባሉ። በሁለት ጎማ ብቻ በሚነዳ መኪና ይሄ ነገር ዲፈረንሻሉን (ጎማዎች በተለያየ ፍጥነት እንዲዞሩ የሚፈቅደውን ጥርሳ ጥርስ) አይነካውም። ያንተ ግን ሁልጊዜም በአራቱም ነው፣ በፊትና በኋላ መሀል ዲፈረንሻል አለ፣ እሱ ላይ ቪስከስ የሚሉት አለ፣ ውስጡ ስስ ስስ ብረቶች ተደርድረው በወፍራም የሲሊኮን ዘይት የተሞላ። ፊትና ኋላ ፍጥነታቸው ሲለያይ ዘይቱ ይሞቅና ብረቶቹን አብሮ ይይዛቸዋል። ጭቃ ላይ አንድ ጎማ በባዶ ሲሽከረከር ለትንሽ ጊዜ እንዲይዝ ነው የተሰራው እንጂ ደረቅ አስፋልት ላይ ቀኑን ሙሉ ሲታሽ እንዲውል አይደለም። ሁለት በሬ ጠምደህ አንዱ ሁሌ ግማሽ እርምጃ ሲቀድም ቀንበሩ ምን እንደሚሆን ለጎጃም ልጅ አልነግርም። ዲፈረንሻሉ ሲሄድ የምታወጣው ብር በጎማው ያተረፍካትን አስር እጥፍ ነው፣ የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች ነው የሚሆነው።

የፊቶቹ ጥርስ ግን ስንት ቀረው? እሱንም ንገረን።

ፔዳ 05፦
እኔ ግን አንድ ያልገባኝ፣ ቢኤምደብሊው ላይ ፋብሪካው ራሱ ኋላውን ሰፊ አርጎ ይሰራ የለ እንዴ? አጎቴ ጋ ያለችው ፊት 225/45 አር 17 ኋላ 245/40 አር 17 ናት።

ክሪክ እና ዳዶ፦
@ፔዳ እሷ በኋላ እግሯ የምትነዳ ናት፣ ደሞ ወርዱን ሲጨምሩ 45ቱን ወደ 40 አውርደውታል አየህ፣ ቁመቱ ብዙም እንዳይለያይ ብለው ነው። ከ7 ሚሊ በታች ነው ልዩነቱ። ስፋት ብቻውን ችግር የለበትም፣ ቁመት ነው ጉዱ።

የዘንባባ ጥላ፦
እግዜር ይስጥህ ወንድሜ። የፊቶቹን አሁን ወርጄ በማስመሪያ ለካኋቸው፣ ወደ 6 ሚሊ አላቸው። አዲስ አበባ ያለ ዘመዴ 215 አዲስ ጥንድ ገዝቶ በአውቶቡስ ሊልክልኝ ይችላል፣ ዋጋው ግን ያቃጥላል። አዲሶቹን ፊት ላርጋቸው ወይስ ኋላ?

ሀይሉክስ 4 በ 4፦
ኋላ አርጋቸው። ብዙ ሰው ፊት ነው የሚለው፣ መሪው እዛ ስላለ፣ ግን ዝናብ ላይ ፊት ቢንሸራተት መሪው ሲቀልህ ይታወቅሃል፣ ከነዳጁ እግርህን ታነሳለህ፣ ትይዛለህ። ኋላው ከከዳህ ግን መኪናው ይዞራል፣ አበቃ። ነሐሴ ላይ ወረታ አካባቢ ውሃ የተኛበት አስፋልት ላይ ያየሁትን አልነግርህም።
እኔ ሀይሉክስ ነው የምይዘው፣ እኛ ፎር ዊል ካላስገባን በኋላ ብቻ ስለሚነዳ እንደናንተ አንጨነቅም። ካስገባን ግን መሀል ላይ ዲፈረንሻል ስለሌለን ይብስብናል፣ ደረቅ አስፋልት ላይ አስገብቶ የሚሄድ ሰው ሳይ ይዘገንነኛል።

ባጃጅ ንጉስ፦
ሦስቱም 4.00-8፣ ፊት የለ ኋላ የለ፣ አንድ ስኮርት ይዘን ለሁሉም። ኑ ባጃጅ ንዱ 😂

ክሪክ እና ዳዶ፦
😂😂 ይሄስ እውነት አለው።
@ዘንባባ 6 ሚሊ ካለው ጥሩ ነው። አዲስ ጎማ 8 ሚሊ ገደማ ነው፣ ቁመቱን በ4 ሚሊ ነው የሚበልጠው፣ እሱን መኪናው ይችለዋል። ፊቶቹ 3 ቀርቷቸው ቢሆን ኖሮ ሳይዙ አንድ ሆኖም 10 ሚሊ ይለያይ ነበር፣ አራቱንም ቀይር ነበር የምልህ። ከዛ በኋላ በየ10 ሺ ኪሎሜትሩ ፊትና ኋላ እያቀያየርክ እኩል አስጨርሳቸው። ደሞ ማርካ ሲለያይ አንድ ሳይዝ ተብሎ የተጻፈውም ቁመቱ ልክ አንድ ላይሆን ይችላል። አየሩን እንደ በሩ ፍሬም ጽሁፍ ሞልተህ ሲሚንቶ ላይ አቁማት፣ ጎማው መሬት የነካበት ቦታ ጎማውንም ሲሚንቶውንም በጠመኔ ምልክት አርግ፣ በቀስታ አንድ ዙር ግፋት፣ ጠመኔው ተመልሶ መሬት ሲነካ በሜትር ለካ። ፊትም ኋላም እንደዛ። 2 ሜትር ከ20 አካባቢ ነው የሚመጣልህ፣ ፊትና ኋላ ከ1 ሳንቲም ብዙ ካልራቁ ተኛ።

የዘንባባ ጥላ፦
ቆይ በሩ ላይ የተሰቀለው ስኮርትስ? 215 ነው፣ ጥርሱ ሙሉ ነው፣ መሬት ነክቶ አያውቅም። እሱን ወደ ኋላ አውርጄ አንድ ብቻ ብገዛስ?

ክሪክ እና ዳዶ፦
ጎኑ ላይ መጨረሻው አራት ቁጥር የሆነ ጽሁፍ ፈልግ፣ የመጀመሪያ ሁለቱ ሳምንት ነው የመጨረሻ ሁለቱ ዓመት።

የዘንባባ ጥላ፦
0911 ይላል።

ክሪክ እና ዳዶ፦
የ2011 ዘጠነኛው ሳምንት በፈረንጅ። ጸሀይ ላይ ተሰቅሎ አርጅቷል፣ ጥርሱን አትይ፣ ጎኑን አጠፍ አርገህ ተመልከተው ተሰነጣጥቆ ይሆናል። ለመንገድ አትመነው፣ ቢበዛ ቅርብ ያለ ጎሚስታ ጋ በቀስታ እስክትደርስ ነው። ሁለቱንም አዲስ አስልክ፣ ከመላኩ በፊት ግን ዘመድህ የዛኑ ቁጥር ፎቶ አንስቶ ይላክልህ፣ አዲስ ተብሎ የሚሸጥም ሱቅ ውስጥ ስንት ዓመት የተኛ አለ።