«ኩልዴቭ» በአማርኛ ምን ይባላል? ቆሌ፣ ውቃቢ ወይስ ታቦት?

ቃል አዳኝ፦ ሰላም ቤተሰብ። የህንዷ ዘፋኝ የላታ ማንጌሽካር የቤተሰብ ስም ከአንድ የሂንዱ ቤተ መቅደስ የመጣ ነው ሲባል ሰማሁ። እውነት ነው? እግረ መንገዴን «ኩልዴቭ» የሚል ቃል አገኘሁ። «የቤተሰብ አምላክ» ብዬ ልተረጉመው ነበር፤ ግን አልጣመኝም። ምን እንበለው?

የሸዋ ልጅ፦ እውነት ነው። የአባቷ አገር ጎዋ ውስጥ ማንጌሺ የሚባል መንደር ነው። መንደሩ ስሙን ያገኘው ከማንጌሽ ቤተ መቅደስ ነው፤ ማንጌሽ ደግሞ ሺቫ ነው። «ካር» በጎዋው ቋንቋ በኮንካኒም ሆነ በጎረቤቱ ቋንቋ በማራቲ የአገር ልጅነትን ያሳያል። እኛ ጎጃሜ፣ ወሎዬ እንደምንለው፣ ማንጌሽካር ማለት «ማንጌሼ» ነው በለው።

ስለ ማንጌሽ የሚወራው አፈ ታሪክም ደስ ይላል። ሺቫ ነብር መስሎ ሚስቱን ፓርቫቲን ያስደነግጣታል። እሷም «ትራሂ ማም ጊሪሻ»፣ ማለትም «የተራራው ጌታ ሆይ፣ አድነኝ» ልትል ስትል ምላሷ ተሳሰረ። «ማም ጊሪሻ» ብቻ ወጣት። ከዚያ ማንጊሪሽ፣ ቀጥሎ ማንጌሽ ሆነ ይላሉ። እኔ እንደ ሥርወ ቃል ብዙም አልተማመንበትም። «ጎንደር» ከ«ጎን እደር» መጣ እንደሚባለው ዓይነት ነው።

ወደ ጥያቄህ ስመለስ፣ «ኩል» ዘር፣ «ዴቭ» አምላክ ነው። ለምን «ቆሌ» አንለውም? ቆሌም እኮ ከአባት ወደ ልጅ የሚወርድ ጠባቂ ነበር።

ፊደል፦ ኧረ ቆሌስ አይሆንም! ዛሬ ቆሌ የቀረን «ቆሌው ተገፈፈ» ላይ ነው። ውቃቢም «ውቃቢዬ አልወደደውም» ላይ ቀርቷል። ኮንካኒዎቹ ግን የሚያወሩት በአደባባይ ስለሚመለክ፣ ካህናትና ትልቅ ቤተ መቅደስ ስላለው አምላክ ነው። እኔ «ታቦት» ይቀርበዋል እላለሁ።

ምክንያቴ ታሪኩ ነው። ማንጌሽ መጀመሪያ የነበረው ዙዋሪ ወንዝ ዳር፣ ኮርታሊም ነበር። ፖርቹጋሎች ቤተ መቅደሶችን ማፍረስ ሲጀምሩ ምእመናኑ እ.ኤ.አ. በ1560 ሊንጋውን፣ ማለትም የሺቫን ቅዱስ ምልክት፣ ይዘው ወንዙን ተሻገሩ። ፕሪዮል ላይ፣ በፖንዳ ወረዳ አስቀመጡት። ፖንዳ ያኔ በፖርቹጋል እጅ አልነበረችም። ሌሎቹ የጎዋ አማልክት፣ ሻንታዱርጋ ወደ ካቫሌ፣ ማሃላሳ ወደ ማርዶል፣ የተሰደዱትም በዚያው መከራ ነው። በግራኝ ዘመን ታቦት ያሸሹ ካህናትን ታሪክ ያደገበት ሰው ይሄን ለመረዳት ማብራሪያ አያስፈልገውም። የሚገርመው ደግሞ፣ ክሪስቶቫው ዳ ጋማ ግራኝን ሊወጋ እ.ኤ.አ. በ1541 ወደ እኛ የመጣበት መርከብ የተነሳው ከዚያችው ከጎዋ ነበር። ለእኛ አጋዥ፣ ለእነሱ አፍራሽ።

ደግሞ ሰኞ ሰኞ ማንጌሽን በፓልኪ፣ ማለትም በሸክም አልጋ፣ ያወጡታል። ግቢው ውስጥ ባለ ሰባት ደርብ የመብራት ማማ አለ። ዲፕስታምብ ይሉታል። በዓል ሲደርስ በየደርቡ ኩራዝ ይበራበታል።

የሸዋ ልጅ፦ ስደቱንስ ተቀብያለሁ። ግን ታቦት የአጥቢያ ነው። ሰፈር ስትቀይር ሌላ ደብር ትሳለማለህ፤ ታቦት ዘርህን አይጠይቅህም። ኩልዴቭ ግን በአባት መስመር ነው የሚወረሰው። ከጎዋ የሸሹት ሳራስዋት ብራህሚኖች፣ ማለትም ከካህናት ወገን የሆኑ ሂንዱዎች፣ ወደ ደቡብ ማንጋሎርና ኮቺ ድረስ ወርደው በየደረሱበት አዲስ ቤተ መቅደስ ሠርተዋል። ሆኖም ስንት ትውልድ አልፎም ኩልዴቭህ ማነው ስትላቸው ብዙዎቹ ጎዋ ያለውን ይጠሩልሃል። አዲስ ሙሽሮች የሚሳለሙት እሱን ነው። ሴቷ ስታገባ የባሏ ኩልዴቭ የሷም ይሆናል። ይሄን ሁሉ «ታቦት» አይሸከመውም።

ፊደል፦ እሺ፣ «የአባት ታቦት» ብንለውስ?

የሸዋ ልጅ፦ ለጨዋታ ያምራል። ለጽሑፍ ግን አንባቢ ቤተ ክርስቲያን ይመስለዋል። እኔ ብሆን መጀመሪያ ላይ «የዘር አምላክ» ብዬ እፈታውና ከዚያ በኋላ ኩልዴቭ እያልኩ እቀጥላለሁ።

ቃል አዳኝ፦ በዚሁ እሄዳለሁ። ለመሆኑ በኮንካኒ «አመሰግናለሁ» እንዴት ነው?

ፊደል፦ «ዴቭ ቦረን ኮሩን»። ቃል በቃል «አምላክ መልካም ያድርግ» ነው። የጎዋ ካቶሊኮችም በዚሁ «ዴቭ» ነው የሚያመሰግኑት። ያው የእኛው «እግዜር ይስጥልኝ» በለው።

ቃል አዳኝ፦ እንግዲያውስ ለሁለታችሁም ዴቭ ቦረን ኮሩን!