ልዩ ክፍሉ ይዘጋ ወይስ ይቆይ?

የክርክሩ ጥያቄ፦ ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም አካባቢ በሚገኘው የመጀመሪያ ደረጃ ትምህርት ቤታችን አካል ጉዳተኛ ልጆች የሚማሩበት አንድ ልዩ ክፍል አለ። ከመጪው መስከረም ጀምሮ ይዘጋና ልጆቹ ወደ መደበኛ ክፍል ይግቡ የሚል ሐሳብ ለወላጅ፣ ተማሪና መምህር ሕብረት ቀርቧል። ምን ትላላችሁ?

የ3ኛ ክፍል ተማሪ አባት፦ ዛሬውኑ ይዘጋ! ልጄ የሚሄደው በክራንች ነው። ሒሳብ ላይ ታላቅ እህቱን ያርማል። ልዩ ክፍል የገባው የ3ኛ ክፍል መማሪያ ሁለተኛ ፎቅ ላይ ስለሆነ ብቻ ነው። አገራችን የተባበሩት መንግሥታትን የአካል ጉዳተኞች መብቶች ስምምነት በ2002 ዓ.ም. አጽድቃለች፤ አንቀጽ 24 ልጆቻችን ከአጠቃላይ ትምህርት ሥርዓቱ እንዳይገለሉ ይደነግጋል። የፎቅ ደረጃ ሰበብ ሆኖ ልጅ አይገለልም።

መስማት የተሳናት ልጅ እናት፦ ወንድሜ፣ የእርስዎ ልጅ መምህሩን ይሰማል፤ የእኔዋ አትሰማም። አምና ለሙከራ መደበኛ ክፍል ገብታ ነበር። መምህሩ ፊታቸውን ወደ ሰሌዳው አዙረው ሲያስረዱ ከንፈራቸውን እንኳ ማየት አትችልም። ደብተሯን ገልጬ ሳየው የሰሌዳው ጽሑፍ አንድም ሳይቀር ተገልብጧል፤ ፊደሏም ያምራል። ምን ማለት እንደሆነ በምልክት ስጠይቃት ግን አንዱንም አላወቀችውም። ልዩ ክፍል ውስጥ የምልክት ቋንቋ የምትችል መምህርት አለች። እሷን ነጥቃችሁ ልጄን አካተትናት አትበሉኝ።

የመደበኛ ክፍል መምህር፦ እህቴ እውነታቸውን ነው። በእኔ ክፍል ከስድሳ በላይ ተማሪ አለ፤ አንዱ ክፍለ ጊዜ ደብተር ለማረም እንኳ አይበቃም። የምልክት ቋንቋ አልተማርኩም። ልጆቹን እፈልጋቸዋለሁ፤ ያለ ረዳት መምህር ግን በስም ብቻ ነው የምቀበላቸው።

ሌላ ወላጅ፦ የሌሎቹ ልጆች ትምህርትስ ወደኋላ አይቀርም?

የ3ኛ ክፍል ተማሪ አባት፦ በክራንች የሚሄድ ልጅ አጠገባቸው ስለተቀመጠ ነው ወደኋላ የሚቀሩት? እንዲህ ያለ ሥጋት ልጆቻችንን ስንት ዘመን ከቤት አስቀርቷቸዋል።

ማየት የተሳነው የሕግ ባለሙያ፦ የትነበርሽ ንጉሤን አስቡ። ማየት የተሳናት ጠበቃ ናት፤ በ2010 ዓ.ም. ራይት ላይቭሊሁድ የተባለውን ዓለም አቀፍ ሽልማት አግኝታለች። መጀመሪያ ሻሸመኔ በዓይነ ስውራን ትምህርት ቤት ተማረች፤ ከዚያ አዲስ አበባ ዳግማዊ ምኒልክ ትምህርት ቤት ዓይናማ ከሆኑት ጋር ቀጠለች። እኔም ብሬል፣ ያ በጣት የሚዳሰሰው የዓይነ ስውራን ጽሑፍ፣ በጣቶቼ ሳይገባ መደበኛ ክፍል ብቀመጥ ኖሮ ሰሚ ብቻ ሆኜ እቀር ነበር። ሁለታችሁም የምትከራከሩት ስለተለያየ ችግር ነው። ለአንዱ ልጅ የሚያስፈልገው ምድር ቤት ያለ ክፍል ነው፤ ለሌላዋ ቋንቋ ነው። ልዩ ክፍሉ ሁሉንም «አካል ጉዳተኛ» ብሎ አንድ ላይ ማስቀመጡ ነው ስሕተቱ።

የ3ኛ ክፍል ተማሪ አባት፦ እንግዲያው የ3ኛ ክፍል መማሪያ ወደ ምድር ቤት ይውረድ። ለዚህ በጀት አያስፈልግም፤ በክረምት ወንበርና ጠረጴዛ ማዛወር ነው። እኔ ራሴ እሸከማለሁ። ልዩ ክፍሉ ግን ለዘለዓለም እንዲቆይ አልስማማም።

መስማት የተሳናት ልጅ እናት፦ እኔም ለዘለዓለም አላልኩም። የምልክት ቋንቋ መምህርቷ ከልጄ ጋር መደበኛ ክፍል ትግባ፤ የሚሰሙትም ልጆች በሳምንት አንድ ክፍለ ጊዜ ምልክት ይማሩ፤ በዕረፍት ሰዓት ብቻዋን ግድግዳ ተደግፋ እንዳትቆም። ሕብረቱ ይህን በቃለ ጉባኤ ካሰፈረ እፈርማለሁ። እስከዚያ ክፍሉን አትንኩብን።