ለላፕ ስቲል ሪቨርብና ዲሌይ በአንድ ፔዳል፦ ምን ልይ?

ጥያቄ፦ ጅማ ነኝ፤ ላፕ ስቲል (ጭን ላይ አጋድመው በብረት እያንሸራተቱ የሚጫወቱት ጊታር) እጫወታለሁ። ሪቨርብ (ድምፁ አዳራሽ ውስጥ እንዳለ እንዲያስተጋባ የሚያደርግ) እና ዲሌይ (ድምፁን ቆየት ብሎ የሚደግም) አብረው ያሉበት ፔዳል ልገዛ ነው። ፔዳሉን ከአዲስ አበባ ስለማስመጣ ሞክሮ መመለስ አይታሰብም። ከመግዛቴ በፊት ምኑን ላጣራ?

መልስ 1፦ ሪቨርቡና ዲሌዩ ለየብቻ ማብሪያ ይኑራቸው፤ ለምሳሌ ኪሊ ካቨርንስ እንዲያ ነው። ስቲል ላይ ኖታው ስለሚንሸራተት፣ ድግግሞሹ ከበዛ የቀደመው ድምፅ ከአዲሱ ጋር ይጋጫል። 1 ወይም 2 ድግግሞሽ ይበቃል። ቮልዩም ፔዳሉን (ድምፁን በእግር የምትጨምርበትንና የምትቀንስበትን) ከዚህ ፔዳል በፊት አድርገው፤ ከኋላ ከሆነ ድምፁን ስትቀንስ የሪቨርቡ ጅራትም (ቀስ እያለ የሚጠፋው ድምፅ) አብሮ ይቆረጣል።

መልስ 2፦ ችክችካ የምትጫወት ከሆነ ታፕ ቴምፖ (ምቱን በእግርህ እየመታህ የዲሌዩን ፍጥነት የምታስተካክልበት) ያለውን ፈልግ። ምቱ በደቂቃ 120 ከሆነ አንዱ ምት 500 ሚሊሰከንድ ነው፤ ችክችካ ምቱን ለሦስት ስለሚከፍል ዲሌዩን 333 (ከሦስቱ ሁለቱ) ላይ አድርገው። 250 ካደረግከው ምቱን ለሁለት ስለሚከፍል ከከበሮው ጋር ይጣላል።

መልስ 3፦ ወንድሜ፣ አዳፕተሩንም እይ! አብዛኞቹ ፔዳሎች የሚፈልጉት 9 ቮልት፣ የመሰኪያው መሃል ኔጌቲቭ የሆነ ነው። ሚሊአምፔሩ (አዳፕተሩ መስጠት የሚችለው የኤሌክትሪክ ፍሰት) ፔዳሉ ከሚፈልገው ካነሰ ዲጂታል ፔዳል ይንጫጫል ወይም ጭራሽ አይነሳም።