ሲፒዲው ከወረቀት አልወጣ አለኝ፤ መምህራኑ እርስ በርስ እንዲማማሩ ምን ላድርግ?

ጠያቂ (ድሬዳዋ፣ ሳቢያን)

ሰላም ጤና ይስጥልኝ መምህራን። ድሬ ውስጥ በአንድ የመንግሥት አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ሂሳብ አስተምራለሁ። ዘንድሮ ደግሞ የተከታታይ ሙያ ማሻሻያው፣ በኛ አፍ የሲፒዲው፣ አስተባባሪ አድርገውኛል። ሹመት እንዳይመስላችሁ፤ ሌላው ሁሉ እምቢ ስላለ ነው።

ችግሩን ታውቁታላችሁ። መስከረም ላይ ዕቅድ ይጻፋል። ከዚያ ፋይሉ መደርደሪያ ላይ አቧራ ሲጠጣ ይከርማል። ሱፐርቫይዘር ሊመጣ ነው ሲባል ሁሉም ያምናውን ፖርትፎሊዮ፣ ማለትም የሙያ ማሻሻያውን ማስረጃ ፋይል፣ አውጥቶ ቀኑን እየቀየረ ይገለብጣል። ቀኑን መቀየር የረሳም አለ።

መምህራኑ ሰነፎች አይደሉም፤ ይህን አስምሩልኝ። ግን ማረፊያ ክፍላችን ውስጥ ስለ ኳስ ይወራል፣ ስለ ቤት ኪራይ ይወራል፤ «ይህን ምዕራፍ እንዴት ነው የምታስተምሩት?» የሚል አይሰማም። የጠየቀ እንደማያውቅ ይቆጠራላ! ስብሰባ ልጥራ ብል ደግሞ ከሰዓት የሚቆይ የለም። የድሬን ፀሐይ ታውቃላችሁ፤ የድሬን የከሰዓት ፕሮግራምም እንደዚያው።

የክፍለ ጊዜ ድልድላችን ገና አልወጣም። አሁን ሊስተካከል የሚችል ነገር ካለ ንገሩኝ።

የሸዋ በሯ መምህርት (ሐረር)

ወንድሜ፣ ስብሰባ የሚባለውን ነገር ተወው። ደብተር ይዛችሁ ተቀመጡ።

እኛ ጋ ነገሩ የተጀመረው እንደዚያ ነው። የ6ኛ ክፍል ሂሳብ የምናስተምር ሰዎች ከየክፍላችን ጥቂት ጥቂት የተማሪ ደብተር ይዘን አንድ ጠረጴዛ ላይ ዘረጋን። ጥያቄው 1/2 + 1/3 ነበር። ብዙዎቹ ልጆች 2/5 ብለው ጽፈዋል። ላዕልን ከላዕል፣ ታህትን ከታህት ደምረው ማለት ነው። እያንዳንዳችን «የኔ ክፍል ብቻ ነው» ብለን ደብቀን የያዝነው ነገር የሁላችንም ሆኖ ተገኘ። ሳቁ ራሱ ግማሽ ሥራ ሠራልን።

ከዚያ «አንተ እንዴት ነው የምታስረዳው?» ተባባልን። ሁለታችን በቀጥታ ወደ ትንሹ የጋራ ብዜት ነበር የምንሄደው። አንዱ ግን ሌላ መንገድ ነበረው። ልጁን «ግማሽ ዳቦ ሰጠሁህ፤ ሲሶ ጨመርኩልህ። አሁን ያለህ ከግማሽ በለጠ ወይስ አነሰ?» ብሎ ይጠይቀዋል። «በለጠ» ይላል ልጁ። «እና 2/5 ከግማሽ ይበልጣል?» ያኔ ልጁ ራሱ ደብተሩን ስቦ ይሰርዛል። ብዜቱ የሚመጣው ከዚያ በኋላ ነው። በማግስቱ ክፍሉ ገብተን ሲያደርገው አየን፤ እኛም ሞከርነው።

ይኸው ነው። ሥልጠና የለው፣ አበል የለው፣ ባነር የለው።

የቀድሞ የጉድኝት ሱፐርቫይዘር

መምህርት ያሉትን ልደግፍ፤ እኔ የአንድ ጉድኝት፣ ማለትም የተቀራረቡ ትምህርት ቤቶች ስብስብ፣ ሱፐርቫይዘር ነበርኩ። ሰዎች የማያስተውሉት አንድ ነገር አለ። የትምህርት ሚኒስቴር ማዕቀፍ አንድ መምህር በዓመት 60 ሰዓት ለሙያ ማሻሻያ እንዲያውል ይጠይቃል። ብዙ ትምህርት ቤት ይህን ሥልጠናና ስብሰባ ብቻ አድርጎ ይተረጉመዋል። ማዕቀፉ ግን አብሮ ማቀድን፣ የአቻ ምልከታን (አንዱ መምህር የሌላውን ክፍል ገብቶ ማየቱን)፣ የተማሪ ሥራ አብሮ ማየትን፣ በጋራ ማስተማርን፣ ተግባራዊ ምርምርን፣ ሙያዊ ንባብን ሁሉ ይቆጥራል። 60 ሰዓት ለ40 ሳምንት ሲካፈል በሳምንት አንድ ሰዓት ተኩል ነው። ደብተር ዘርግተው ያወሩበት ጊዜ ከዚያ ውስጥ ይገባል፤ ማንም «ይህማ አይቆጠርም» ብሎ አያስፈራራዎት።

ሁለተኛው፣ ምልከታውን ከምዘናው ይለዩት። ነጥብ ያለበት ቅጽ ተይዞ ክፍል ከተገባ መምህሩ ለተመልካቹ ያስተምራል። ሞተር ብስክሌቴ ግቢ ስትገባ ክፍሎች በሙሉ በአንዴ በቡድን ሲደራጁ ስንት ጊዜ ሰምቻለሁ! መምህሩ የሥራ አፈጻጸም ውጤቱ ከደረጃ ዕድገቱ ጋር እንደሚያያዝ ያውቃል፤ ስለዚህ ድካሙን አያሳይዎትም። በእርስ በርስ ጉብኝት ጊዜ ነጥብ አይኑር። ተመልካቹ መምህሩን ሳይሆን ልጆቹን ይይ፤ ማን ጻፈ፣ ማን ገለበጠ፣ የት ላይ ተሳሳቱ። ማስታወሻውም የመምህሩ ይሁን፤ ወደ ቢሮ አይሂድ። ይህን ከርዕሰ መምህሩ ጋር ቀድመው ይስማሙ፣ በሠራተኛው ፊትም እሳቸው ራሳቸው ይናገሩት። ከርስዎ አፍ ብቻ ከሆነ የሚያምን የለም።

ገንደ ቆሬ

አቦ ይቅርታ፣ ግን እውነቱን እናውራ። ደሞዙ ወር አይደርስም። ሰው ከሰዓት የሚወጣው ቱቶር ሊያስጠና ነው፤ አለዚያ ባጃጅ ይዞ ነው። «የመማማር ባህል» የሚባለው ጥሩ ነው፤ ግን በባዶ ኪስ ባህል አይገነባም። አስተባባሪው ራሱ ለድካሙ ምን ያገኛል?

ጠያቂ

ምንም። ያልከው ትክክል ነው፣ ልከራከርህ አልችልም። ለዚህ ነው ከሥራ ሰዓት ውጭ አንዲት ደቂቃ መጠየቅ የማልፈልገው። የደብተሩን ሐሳብ ወድጄዋለሁ፤ ግን መቼ? የኛ ትምህርት ቤት በፈረቃ ነው።

ድልድል አውጪው (ምክትል ርዕሰ መምህር፣ ድሬዳዋ)

እዚህ ላይ እኔ ልግባ፤ መልሱ ድልድሉ ውስጥ ነው ያለው።

ብዙውን ጊዜ ድልድል ስናወጣ መጀመሪያ ክፍሎቹን እንሞላለን፤ የመምህሩ ባዶ ክፍለ ጊዜ የትም ይውደቅ እንላለን። ገልብጠው። ለእያንዳንዱ የትምህርት ዓይነት በሳምንት አንዲት የጋራ ባዶ ክፍለ ጊዜ መጀመሪያ ቆልፍ፤ ከዚያ ሌላውን ሙላ። ሂሳብ ማክሰኞ 2ኛ ክፍለ ጊዜ፣ ሳይንስ ረቡዕ 2ኛ፣ እንዲያ እያልክ። ጭነቱ አይጨምርም፤ የቦታ ለውጥ ብቻ ነው። የጠዋቱን ሰዓት ምረጥ፤ በግንቦት ቆርቆሮ ሥር ቀን 6 ሰዓት ላይ የሚያስብ ጭንቅላት የለም። በፈረቃ ከሆነ ሁሉንም ማገናኘት አትችልም፤ አትሞክርም። የጠዋቱ ቡድን ለብቻ፣ የከሰዓቱ ለብቻ ይሁን፣ ደብተሮቹንና አንድ ገጽ ማስታወሻ ይቀባበሉ።

ደግሞ በሁሉም ዓይነት በአንዴ አትጀምር። ሂሳብ የራስህ ነው፤ በሂሳብ ጀምር። ሌላው ክፍል አይቶ ይመጣል፤ ካልመጣም የሂሳብ ልጆች ተጠቀሙ።

የከዚራ መምህርት

አንድ ነገር ልጨምር። ድሬ ላይ ብዙ ግቢ ውስጥ የአማርኛ፣ የአፋን ኦሮሞና የሶማሊኛ ክፍሎች አሉ። መምህራኑ አንድ በር እየገቡ አንድ ይዘት ያስተምራሉ፤ ስለ ትምህርቱ ግን አይነጋገሩም። የሂሳብ ደብተር ስትዘረጋ የሁሉንም ጥራ። 2/5 በየትኛውም ቋንቋ 2/5 ነው። ከሶማሊኛ ክፍል የመጣች ባልደረባችን በወረቀት እጥፋት ክፍልፋይ ስታሳየን አማርኛዋ ትንሽ ነበር፤ ወረቀቷ ግን በቂ ነበር። ሻይና ፈጢራ ካለማ ማንም አይቀርም፤ ፈጢራውን እያዋጣችሁ።

ጠያቂ

እግዜር ይስጥልኝ፣ ድልድሉን ነገ ይዤ ርዕሰ መምህሩ ጋ እገባለሁ። አንድ የቀረኝ፣ ጋሼ የምንላቸው ነባር መምህር አሉን። የተከበሩ ናቸው፤ ግን «ክፍሌ ማንም አይገባም» ብለዋል። እሳቸው እምቢ ካሉ ሌላውም ይከተላል። ፖርትፎሊዮውስ?

የቀድሞ የጉድኝት ሱፐርቫይዘር

ፖርትፎሊዮውን በየሳምንቱ ይጨርሱት፤ ሰኔ ድረስ አይጠብቁ። አንድ ገጽ ይበቃል። ቀኑ፣ ልጆቹ የተሳሳቱበት፣ የሞከራችሁት፣ ከሙከራው በኋላ የተገኘው። ሥሩ ላይ ሁለት የተማሪ መልስ በስልክ ፎቶ አንስታችሁ አትማችሁ ለጥፉበት፤ ስም ሸፍናችሁ። እንዲህ ያለውን ካምናው መገልበጥ አይቻልም፤ ልጆቹ ሌሎች ናቸዋ።

የሸዋ በሯ መምህርት (ሐረር)

ጋሼን ተዋቸው፣ ክፍላቸው አትግባ። አንተ ክፍል ጥራቸው። «ይህ ምዕራፍ አስቸግሮኛል፣ አንድ ክፍለ ጊዜ ገብተው ይዩልኝና ልጆቹ የት እንደሚጠፉብኝ ይንገሩኝ» በላቸው። ነባር ሰው ምክር ሲጠየቅ እምቢ አይልም። ሲወጡ የነገሩህን ጻፍ፣ ሞክረው፣ የሆነውን ሄደህ ንገራቸው። ጠረጴዛው ላይ ደብተር ስትዘረጉም መጀመሪያ የአንተን ክፍል ደብተር አውጣ እንጂ የሳቸውን አትጠይቅ። ሌላው መምህር የሚያየው እሳቸው ያንተ ክፍል መግባታቸውን ነው፤ ለመጀመሪያው ወሰነ ትምህርት ያ ይበቃሃል።